የተተወ ፈረስ የማን ነው? የተጣሉ እንስሳትን ስለማዳን በፊቅህና በታሪክ

በመስጂዶቻችን ስለ እንስሳት ርኅራኄ በተነገረ ቁጥር ሁለት ሐዲሶች ሳይጠቀሱ አይታለፉም። አንደኛው የተጠማ ውሻን በጫማው ውሃ ቀድቶ ስላጠጣውና በዚህም ምሕረት ስላገኘው ሰው፣ ሁለተኛው ድመት አስራ በረኃብ ስለገደለችና በዚያ ምክንያት ስለተቀጣች ሴት የሚናገሩት ናቸው። ሁለቱም በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገቡ ናቸው። ይሁን እንጂ በሁለቱም ውስጥ የተፈለገው የርኅራኄ ሥራ በአንድ ጊዜ የሚያበቃ ነበር። ለውሻው አንድ ጫማ ውሃ በቂው ነው። ድመቷም፣ በሐዲሱ እንደተመለከተው፣ ብትለቀቅ በምድር ላይ የሚንቀሳቀሰውን እያደነች ራሷን ትመግብ ነበር። ዓመታት ሙሉ ጋሪ የጎተተ፣ እግሩ የተሰበረ ወይም ጀርባው የተገጠበ ፈረስ ግን ቢለቀቅ አይድንም፤ የሚሞተውም በመለቀቁ ነው። ያነሣው ሰውም በአንድ ቀን ሥራ አይገላገልም፤ የወራት መኖ፣ መጠለያና የሐኪም ወጪ ይጠብቀዋል። ከዚያም ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ፈረሱ ካገገመ በኋላ የማን ነው?

ይህ ጥያቄ በኹጥባዎቻችን ውስጥ ብዙ ባይሰማም በፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ የታወቀ መስአላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው እሱን ነው፤ ከዚያም በሁለት ከተሞች፣ በደማስቆና በካይሮ፣ በተግባር እንዴት እንደተስተናገደ እናያለን። ሂጅሪ ካልተባሉ በቀር ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአገራችን የጋሪ ፈረስ በሚሠራባቸው ከተሞች፣ በሞጆ፣ በቢሾፍቱ፣ በሻሸመኔ፣ በባሕር ዳር፣ የነገሩ አካሄድ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ፈረሱ ጉልበት እስካለው ድረስ የአንድ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ ነው። ከዚያ ኮርቻና ማሰሪያው ያቆስለዋል፤ ወይም ከቆዳው ሥር የሊምፍ ቧንቧዎቹን ተከትሎ እያበጠ የሚፈነዳ የፈንገስ በሽታ ይይዘዋል። በ2006 የታተመና ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶችን ያካተተ ጥናት ከመቶ 19 የሚጠጉት በዚህ በሽታ ተይዘው እንዳገኘ አመልክቷል። በላዩ ላይ ባጃጅ መጣ፤ የጋሪው ገበያ ጠበበ። በሬ ቢያረጅ ለሥጋ ይሸጣል። የፈረስ ሥጋ ግን በእኛ አገር ስለማይበላ ጉልበቱን የጨረሰ ፈረስ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ባለቤቱ ወደ ከተማው ዳር ነድቶት ይመለሳል፤ ሌሊት ጅብ ይመጣል። ይህን የሚያደርገው ሰው ብዙውን ጊዜ ጨካኝ አይደለም። ለልጆቹ እህል መሸመት ያቃተው ሰው ለማይሠራ ፈረስ ገለባ ሊገዛ አይችልም። ድህነቱን ትቶ ጭካኔውን ብቻ የሚያወግዝ ንግግር ባለጋሪውን ያሳፍረው እንደሆነ እንጂ ለፈረሱ የሚጠቅመው ነገር የለም።

አሁን ወደ ሐዲሱ እንመለስ። አቡ ዳውድ (ሞት 275 ሂ.) በሱነናቸው ከኩፋው ታቢዒ ከዓሚር አሽ-ሻዕቢ የሚያደርስ ዘገባ አስፍረዋል። መልእክቱ እንዲህ ነው፦ ባለቤቶቿ መመገብ አቅቷቸው የለቀቋትን እንስሳ ያገኘ ሰው ወስዶ ሕያው ካደረጋት የእርሱ ናት። ከአስተላላፊዎቹ አንዱ ሻዕቢን ከማን እንደሰሙት ሲጠይቃቸው፣ ከአንድ በላይ ከሆኑ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦች መሆኑን መልሰዋል።

በዚህ ዘገባ ላይ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አቡ ዳውድ ሐዲሱን ያስቀመጡት በአደብ ወይም በርኅራኄ ምዕራፍ ሳይሆን በንግድ ግንኙነቶች ክፍል ውስጥ ነው። የንዑስ ምዕራፉ ርእስም ሐሲርን ሕያው ስላደረገ ሰው የሚል ነው። ሐሲር ማለት ድካም ያሸነፈው፣ መራመድ ያቃተው እንስሳ ማለት ሲሆን፣ ቃሉ በሱረቱል ሙልክ አራተኛ አንቀጽ ላይ አይቶ አይቶ ለደከመ ዓይን ተነግሮ እናገኘዋለን። ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው «አሕያ»፣ ሕያው አደረገ፣ የሚለው ግስ ነው። ይህ ግስ ሙት መሬትን ያለማ ሰው የመሬቱ ባለቤት እንደሚሆን በሚናገረው ዝነኛ ሐዲስ ውስጥ ያለው ግስ ራሱ ነው። የተተወ መሬት ለአልሚው እንደሚሆን ሁሉ የተተወ እንስሳም ለአዳኙ ይሆናል ማለት ነው። እንስሳን ማዳን እዚህ ላይ ባለቤትነት የሚያስገኝ ሥራ ሆኖ ተቆጥሯል።

ዑለማኦች ግን በዚህ አልተስማሙም። አል-ኸጧቢ (ሞት 388 ሂ.) በሱነን ላይ በጻፉት ማብራሪያ ዘገባውን ሙርሰል ብለውታል፤ አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት የባለቤትነት መብት በአቅም ማነስ ብቻ አይጠፋም እንደሚሉና የእንስሳውንም ጉዳይ እንደ ተገኘ ዕቃ እንደሚያዩት ገልጸዋል። ሌሎች ደግሞ ሻዕቢ ብዙ ሶሓባዎችን ያገኙ ሰው በመሆናቸውና የሶሓባ ስም አለመጠቀስ ሰነድን ስለማያደክም ዘገባው ማስረጃ ይሆናል ይላሉ። ከዚህ በመነሣት ሦስት አቋሞች ተፈጥረዋል። ኢማም አሕመድ፣ ኢስሓቅና ለይስ እንስሳው ሊጠፋ በሚችልበት ስፍራ ከተተወ ላዳነው ሰው ይሆናል ይላሉ። ኢማም ማሊክ ለቀድሞው ባለቤት ይመለስና ባለቤቱ አዳኙ ያወጣውን ወጪ ይክፈል ይላሉ። ኢማም ሻፊዒ ደግሞ እንስሳው የባለቤቱ ነው፤ አዳኙ ያለ ፈቃድ ያወጣ በጎ አድራጊ ስለሆነ ምንም አይጠይቅም ይላሉ።

የሐንበሊዎቹን መከራከሪያ በተሟላ ሁኔታ ያቀረቡት ኢብን ቁዳማህ (ሞት 620 ሂ./1223) በአል-ሙግኒ ነው። ባለቤትነቱ ለአዳኙ ካልተሰጠ ማንም አያነሣውም፤ ካልተነሣ ሕይወቱም ንብረትነቱም ይጠፋል፤ ይህ ደግሞ ማንንም አይጠቅምም ይላሉ። ባለቤቱ ሰልችቶና አቅቶት የጣለው በመሆኑም ከአጨዳ በኋላ በእርሻ ላይ እንደቀረ የእህል ዛላ ይቆጥሩታል። ቀጥለው የሚያነሡት ልዩነት ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። አንድ ሰው በበረሃ የተጣለ ዕቃ ቢያነሣ ባለቤቱ አይሆንም፤ ዕቃ በራሱ ክብር የለውም፤ ባለቤቱ እስኪመለስም ይቆያል። እንስሳ ግን ክብር አለው፤ ካልበላና ካልጠጣ ይሞታል፤ አውሬም ይበላዋል። ይህን አንቀጽ ለደረሳዎች ሳስተምር ስለ አውሬው ማብራሪያ አስፈልጎኝ አያውቅም፤ ከከተማቸው ዳር የሌሊቱን ድምፅ ሰምተው ያደጉ ናቸው። ኢብን ቁዳማህ አንድ ገደብም አኑረዋል፤ ባለቤቱ ሊመለስበት ትቶት ከሄደ ወይም ጠፍቶበት ከሆነ ፈረሱ አሁንም የእርሱ ነው።

መተዉን በምን እናውቃለን? አል-ኸጧቢ የበስራ ቃዲ የነበሩትን የዑበይዱላህ ኢብን አል-ሐሰንን ፍርድ ይዘግባሉ። ቃዲው የተለቀቀን እንስሳና ተምር በልቶ የተጣለን ፍሬ በአንድ ሚዛን አይተው፣ ባለቤቱ ለሰው አልፈቀድኩም ካለ ቃሉ የእርሱ ይሆናል፤ ግን ይምላል ብለዋል። ጉዳዩ በባለቤቱ ሐሳብ ላይ እንዲንጠለጠል ማድረጋቸው ነው። ለእኛም መውጫው ከዚሁ ይገኛል። አብዛኛው የአገራችን ሙስሊም ሻፊዒ ወይም ሐነፊ ስለሆነ አዳኙ፣ ነገ ሲያገግም ባለቤቱ መጥቶ ይወስድብኛል፣ የሚለው ሥጋቱ መሠረት አለው። ይሁንና ባለቤቱ ፈረሱን ሳይጥለው በፊት በሁለት ምስክሮች ፊት ስጦታ አድርጌዋለሁ ቢልና ፈረሱን ቢያስረክብ የመዝሀቦቹ ልዩነት ትርጉም ያጣል። ይህን ለማድረግ ባለጋሪው ሳይፈራ የሚመጣበት ቦታ መኖር አለበት። በእኔ አስተያየት ከመስጂድ የተሻለ ቦታ አይገኝለትም።

ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመንም ሁለት ክስተቶች ከጉዳያችን ጋር በቀጥታ ይያያዛሉ። ጃቢር ኢብን ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) በጉዞ ላይ ሳሉ ግመላቸው ስለደከመባቸው ሊለቁት አስበው ነበር። ነቢዩ ደረሱባቸው፤ ዱዓ አደረጉለት፤ መታ ሲያደርጉትም ከዚያ በፊት ሄዶ በማያውቀው ፍጥነት ሄደ። ከዚያ ገዙት፤ ጃቢር እስከ መዲና እንዲጋልቡት ተስማሙ፤ በመጨረሻም ዋጋውን ከነግመሉ መለሱላቸው። ይህ ሐዲስ በሽያጭ ውስጥ ቅድመ ሁኔታ ስለማስገባት ሲጠቀስ ኖሯል። ግመሉ ሊለቀቅ ተቃርቦ የነበረ ሐሲር መሆኑን ግን ብዙዎቻችን ሳናስተውል እናልፈዋለን።

ሁለተኛው ለፈረስ አዳኞች ከበድ የሚል ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) አንድ ፈረስ በአላህ መንገድ ለሚታገል ሰው ሰጡ። ተቀባዩ በአያያዙ ጎዳው። ዑመር በርካሽ ይሸጥልኛል ብለው መልሰው ሊገዙት ሲያስቡ ነቢዩ፣ በአንድ ዲርሃም እንኳ ቢሆን እንዳይገዙት ከለከሏቸው። ሐዲሱን ጎስቋላ ፈረስ መግዛትን እንደሚከለክል አድርጎ መረዳት ስሕተት ነው። ክልከላው የተሰጠ ሶደቃን ስለመመለስ ነው፤ ፈረሱን ሌላ ሰው እንዳይገዛው የሚል ነገር በውስጡ የለም። ግን አንድ ጥንቃቄ ያስተምራል። ፈረስን ለድሃ የሰጠ ሰው፣ ተቀባዩ ማኖር ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ቢያይ ይሻላል። ይህን ነጥብ ካይሮ ላይ እናገኘዋለን።

የባለቤቱን ግዴታ በተመለከተ በሻፊዒ፣ በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀቦች ቃዲው እንስሳውን የማይመግብን ባለቤት እንዲመግብ፣ እንዲሸጥ ወይም የሚበላ ከሆነ እንዲያርድ ያስገድደዋል። በሐነፊዎች ዘንድ የጸናው አስተያየት ግዴታው በእርሱና በአላህ መካከል ያለ ነው የሚል ሲሆን አቡ ዩሱፍ ግን ይገደዳል ብለዋል። ከሁሉ ርቀው የሄዱት ዒዙዲን ኢብን ዐብዱሰላም (ሞት 660 ሂ./1262) ናቸው። በቀዋዒድ አል-አሕካም እንስሳት በሰው ላይ ያሏቸውን መብቶች ሲዘረዝሩ፣ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ምንም ጥቅም የማይሰጥ ቢሆን እንኳ ቀለቡ እንደማይቋረጥ በግልጽ አስፍረዋል። ጥቅሙ ሲያበቃ መብቱ አያበቃም ማለት ነው።

ኢብን ቁዳማህ በደማስቆ በቃሲዩን ተራራ ሥር ባለችው በሷሊሒያ የኖሩ ናቸው። ዒዙዲን በዚያችው ከተማ ተወልደው የኡመውያን መስጂድ ኸጢብ ሆነዋል። ኢማም አን-ነወዊም (ሞት 676 ሂ./1277) የተማሩትና ያስተማሩት በደማስቆ ነው። እንግዲህ ስለ እንስሳት ቀለብና ባለቤትነት ከምናነባቸው ዋና ዋና ጽሑፎች ሦስቱ የአንድ ከተማና የአንድ ክፍለ ዘመን ሰዎች ሥራ ናቸው። በዚህች ከተማ፣ በበረዳ ወንዝ አጠገብ፣ አል-መርጅ አል-አኽዶር፣ አረንጓዴው መስክ፣ የሚባል ስፍራ ነበር። በደማስቆ ዩኒቨርሲቲ የሸሪዓ ፋኩልቲን ያቋቋሙት ሙስጦፋ አስ-ሲባዒ (ሞት 1964) ስለ ኢስላማዊ ሥልጣኔ በጻፉት መጽሐፍ መስኩ ጉልበታቸው ላለቀ ፈረሶችና እንስሳት ወቅፍ እንደነበር ይነግሩናል። ባለቤቶቻቸው ሊቀልቧቸው ያልፈለጉ እንስሳት ሞታቸው እስኪደርስ በዚያ ይግጡ ነበር። ሲባዒ በጻፉበት ጊዜ በመስኩ ላይ የከተማው ስታዲየም ተሠርቶ ነበር።

ይህ ታሪክ በብዙ ንግግሮች እንደ ጌጥ ይጠቀሳል። እኔ ግን የማየው አሠራሩን ነው። ወቅፉ ባለቤቱን አይከስም፤ አይመረምርም። ፈረሱን የሚያመጣበት ቦታ ይሰጠዋል። ወጪውም ቀላል ነው፤ ሣርና ውሃ ያለው መሬት ከገበያና ከውርስ ወጥቶ መቆየቱ ይበቃል። የበስራው ቃዲ በመሐላ ሊፈቱት የሞከሩት ጥያቄም በዚያ አይነሣም፤ ፈረሱን ወደ መስኩ ያስገባ ሰው መተዉን በሥራው መስክሯል።

የካይሮው ታሪክ ከዚህ በእጅጉ የተለየ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሲናና በፍልስጤም የተዋጋው የብሪታኒያ ሠራዊት ከጦርነቱ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ፈረሶችን ወደ አገራቸው ከመመለስ ይልቅ በግብፅ ሸጣቸው። ገዢዎቹ በካይሮ ጎዳናዎች ጋሪ የሚነዱ፣ ድንጋይና ሸክላ የሚያመላልሱ ድሆች ነበሩ። በ1930 ዶሮቲ ብሩክ የተባለች እንግሊዛዊት፣ የፈረሰኛ ጦር አዛዥ ከነበረው ባሏ ጋር ካይሮ ስትደርስ፣ ፈረሶቹን አጥንታቸው ወጥቶ፣ ገሚሶቹም ታውረው፣ የሠራዊቱ ማኅተም ግን አሁንም በታፋቸው ላይ እንዳለ አየቻቸው። በ1931 ሞርኒንግ ፖስት ለተባለው የለንደን ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፤ ገንዘብ መጣላት። በሦስት ዓመታት ውስጥ ወደ 5,000 የሚሆኑ የቀድሞ የጦር ፈረሶችን ገዛች። በ1934 በካይሮ ለድሆች የጋሪ ፈረሶችና አህዮች በነፃ የሚያክም ሆስፒታል ከፈተች። ከዚያ ሥራ ያደገው ድርጅት ዛሬ በኢትዮጵያም ይሠራል።

ነገሩን ከፊቅህ አንጻር ስናየው የጥፋቱ መነሻ የቱ ጋ እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። ሠራዊቱ ከሦስቱ አማራጮች ሁለተኛውን፣ መሸጥን፣ መርጧል። በቅርጹ ሕጋዊ ሽያጭ ነው። ይዘቱ ግን ያረጀ ፈረስን ቀለብ በመንግሥት ካዝና ላይ ከመሆን ወደ ደሃ ትከሻ ማዛወር ነበር። ዑመር በሰጡት ፈረስ ላይ የደረሰው በብዙ ሺህ ተባዝቶ ደረሰ። ወይዘሮዋም ይህን የተረዳች ይመስላል፤ ፈረሶቹን ከባለቤቶቹ በገንዘብ እየገዛች ነበር የምትወስደው፤ ድሃው ሌላ ጤነኛ እንስሳ ሳይገዛ ቢቀር ቤተሰቡ እንደሚራብ ግልጽ ነበርና። የሆስፒታሉም መከፈት አንድ እርምጃ ወደፊት ነው፤ ፈረሱ ከመጣሉ በፊት፣ ገና ሲያነክስ ይታከማል።

ከተገዙት ፈረሶች አብዛኞቹ ግን አልዳኑም። በጣም ያረጁና የተሰበሩ ስለነበሩ ጥቂት ቀን አርፈው፣ በልተው፣ እንዲገደሉ ተደረገ። እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢያን ይከፋሉ፤ የደማስቆውን መስክ አንሥተው ልዩነቱን ይናገራሉ። ፍርዱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በሻፊዒ መዝሀብ የማይበላን እንስሳ ከሥቃይ ለማሳረፍ ተብሎ እንኳ ማረድ አይፈቀድም፤ ፈረስ ግን በዚህ መዝሀብ የሚበላ ነው፤ አስማእ ቢንት አቢ በክር (ረ.ዐ.) በመዲና ፈረስ አርደው መብላታቸውን ዘግበዋልና። ስለዚህ ተስፋ የሌለውን ፈረስ ማረድ ይቻላል፤ በአህያ ላይ ግን አይቻልም። በማሊኪዎች የታወቀው አስተያየት የፈረስ ሥጋ ሐራም ነው የሚል ሲሆን፣ ኸሊል በሙኽተሶራቸው የማይበላ እንስሳ ተስፋው ከተቆረጠ እንዲታረድ ፈቅደዋል። ሁለቱ መዝሀቦች ከተቃራኒ መነሻ ተነሥተው በፈረስ ጉዳይ አንድ ቦታ ደርሰዋል። ስለዚህ በአጥንቱ ስብራት የሚሠቃይን ፈረስ ለጅብ ከመተው በስለት ማሳረፍ እንደሚሻል የሚናገር ኢማም ከመዝሀቡ አልወጣም። ኢሕሳን በማረድ ውስጥም መታዘዙን ሁላችንም እናስተምራለን።

የሚቀረው የደማስቆው መንገድ ለእኛ ክፍት መሆን አለመሆኑ ነው። በመድረሳዎቻችን የሚቀራው የኢማም አን-ነወዊ ሚንሃጅ እዚህ ላይ እንቅፋት ያለው ይመስላል፤ እንዲያው ለእንስሳ ተብሎ የተደረገ ወቅፍ ውድቅ ነው ይላል፤ እንስሳ ባለቤት መሆን አይችልምና። አንድ ደካማ አስተያየት ብቻ ወቅፉን ለእንስሳው ባለቤት ያዞረዋል። ይህ ለተተወ ፈረስ የሚፈይደው የለም፤ ባለቤት የለውምና። የሚንሃጅ ሸርሖች ግን በሩን ፈጽመው አልዘጉትም። በአላህ መንገድ ለተመደቡ ፈረሶች መኖ የሚደረግን ወቅፍ ይቀበላሉ፤ ከአል-ገዛሊ ይዘውም የመካን ርግቦች ለብቻ ያወጣሉ። ከእነዚህ የሚታየኝ መንገዱ በአቃፊው ቃል ላይ የሚመሠረት መሆኑን ነው። ሰነዱ መሬቱ ለፈረሶች ይሁን ካለ በሚንሃጅ ላይ ይወድቃል። መሬቱ የተተዉ እንስሳትን ለሚቀበል፣ ለሚያክምና ለሚቀልብ ሥራ ይሁን፣ ናዚሩም እገሌ ይሁን ከተባለ ግን ወቅፉ የተደረገው ለአንድ የበጎ ሥራ ዘርፍ ነው፤ በዘርፍ ላይ የሚደረግ ወቅፍ ደግሞ ኃጢአት እስካልሆነ ድረስ በመዝሀቡ የሚጸና ነው። በወቅፉ ሰነድ ላይ የሚለወጡት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ የፈትዋ ኮሚቴዎቻችን አንድ ስብሰባ ቢሰጡት የሚያልቅ ጉዳይ ነው።